ከእንግዶቻቸው በፊት የቀመሱት ወይዘሮ እቴነሽ ሽፈራው

ወይዘሮ እቴነሽ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው ገለቱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳህሊቱ በዳዳ ነሐሴ 3 ቀን 1949 ዓ.ም. በሚኤሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ቤታቸው ከሐዲዱ አጠገብ ስለነበር ሕፃኗ እቴነሽ ባቡሩ በጮኸ ቁጥር እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቁ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ያነሳሉ። እናታችን ፈሪ ነበሩ። ይህን እኛ ቤተሰቦቻቸው የጻፍነው ልናሳንሳቸው ሳይሆን ራሳቸው «ስሞት ደፋር ነበረች ብላችሁ እንዳትዋሹብኝ» ብለው ስላዘዙን ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚኤሶ ከተማሩ በኋላ በ1965 ዓ.ም. በጣቢያው አጠገብ ማዳም ካቲና የተባሉ ግሪካዊት በከፈቱት ምግብ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ዕቃ ማጠብ ነበር። ማዳም ካቲና ግን ልጅቷ ወጥን በማሽተት ብቻ ጨው እንደጎደለው የምታውቅ መሆኗን አይተው ወደ ወይኖቹ አስጠጓቸው። ፖርቶና ማርሳላ የሚባሉት፣ ጠንካራ አልኮል የተጨመረባቸው ጣፋጭ ወይኖች፣ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማሙ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ወይኑ ከጣፋጩ ምግብ ይበልጥ መጣፈጥ አለበት፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ይጎመዝዛል። ጨው የበዛበት ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ፣ ጠቆር ያለውን ፖርቶ ይወዳል። በርበሬ ያለበት የፍየል ጉበት ሲቀርብ ደግሞ ጣፋጩ ወይን የበርበሬውን እሳት ያበርደዋል። ወይዘሮ እቴነሽ ይህን ሁሉ የተማሩት ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ማዳም ካቲና ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. የምሥራቁ ጦርነት ሲቃረብ፣ ቤተሰቡ ሚኤሶን ለቆ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ዛሬዋ ጭሮ፣ ወጣ። በ1972 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ሞገስ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንድ ልጃቸውን ዳግማዊን ወለዱ።

የእናታችንን ሕይወት ለሁለት የከፈለው ቀን በ1984 ዓ.ም. የመጣው ነው። አቶ ሞገስ ሂርና ላይ ክርስትና ተጠርተው ሄዱና ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር አረቄ ጠጡ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ቤቱን ሞልታው ሳለ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «እቴነሽ፣ ዛሬ ለምን አይነጋም?» አሉ። ወይዘሮ እቴነሽ የመስኮቱን መዝጊያ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አቶ ሞገስ በሦስተኛው ቀን አረፉ። አረቄው ውስጥ የነበረው ለሰው የማይሆን አልኮል ነበር፤ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም።

ከዚያ በኋላ የአልኮል ሽታ ባለበት ማለፍ እንኳን ያስፈራቸው ነበር። ነገር ግን የሚያሳድጉት ልጅ ነበራቸው፤ የሚያውቁትም ሙያ ይኸው ብቻ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ጭሮ ዋናው መንገድ ላይ በሚገኝ ሆቴል ተቀጠሩ። እዚያም ከዘቢብ የራሳቸውን ወይን ይጥሉ ጀመር። ወይኑ መብላላቱን ሳይጨርስ ንጹሕ አልኮል ሲጨመርበት እርሾው ጸጥ ይላል፤ ያልተብላላው ስኳርም ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ደንብ ብቻ አወጡ። አዲስ የተጣለ ወይን ወደ እንግዳ ጠረጴዛ የሚወጣው እሳቸው አንድ ብርጭቆ ጠጥተው፣ አንድ ቀን አድረው፣ በማግስቱ ዓይናቸው ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ሳይፈሩ የቀመሱበት አንድም ቀን አልነበረም። ብርጭቆውን ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ይይዙት ነበር።

በነዚያ የጥበቃ ሰዓታት ደጃፋቸው ላይ አብረዋቸው ይቀመጡ የነበሩት ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጤ ጂብሪል ናቸው። ወይዘሮ ፋጤ ለውዝ፣ ተምርና ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይሸጣሉ። ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ ወይን ቀምሰው አያውቁም፤ ወይኑ ያለበት ክፍልም ገብተው አያውቁም። ቢሆንም ወይዘሮ እቴነሽ፣ «መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ተቃጠለ ስኳር ምላስ ይይዛል» ብለው ሲነግሯቸው ጥቂት ያስቡና ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ ጨውና ከሙን ነካ ያደረገው ለውዝ ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ጊዜም አልሳቱም። የሆቴሉን ስም ያስጠራው ይኸው የሁለቱ ሴቶች ሥራ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ በሆቴሉ ትልቅ ሠርግ ነበር። መንገድ ተዘግቶ የተለመደው አልኮል ሳይመጣ ስለቀረ የሆቴሉ ባለቤት ከማያውቁት ነጋዴ ገዙ። ወይዘሮ እቴነሽ ከየት እንደመጣ ደጋግመው ቢጠይቁም ባለቤቱ ያው የተለመደው ዓይነት ነው አሏቸው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ያ አልኮል የተጨመረበትን አዲስ ወይን እንደ ደንባቸው ጠጡ። በጣዕሙ ላይ ምንም ነገር አላገኙበትም። ያስፈራቸውም ይኸው ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ፋጤ ሊጠይቋቸው ሲመጡ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«ፋጤ፣ ዛሬ ጭጋጉ ወርዷል እንዴ?»

«ምን ጭጋግ አመጣሽ፣ አቦ። ፀሐይ ነው።»

ወይዘሮ እቴነሽ በኋላ እንደነገሩን ያን ጊዜ የሰሙት የአቶ ሞገስን ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ፋጤ ነገሩ ገብቷቸው ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ክንዳቸውን ያዙ። እሳቸው ግን ሰዓቱን ጠየቁ። አምስት ሰዓት ሆኗል። ከሩቅ የመጡት የሠርግ እንግዶች ምሳ የሚቀርብላቸው በስድስት ሰዓት እንደሆነ፣ ባለቤቱም የወይኑን ውጤት ሳይጠብቁ ለማቅረብ መቸኮላቸውን ያውቁ ነበር።

«መጀመሪያ ሆቴል» አሉ። «ፈርቻለሁ፣ ፋጤ። እጄን አትልቀቂኝ።»

በባጃጅ ሄዱ። ወይዘሮ ፋጤ በመንገዱ ሁሉ እጃቸውን አልለቀቁም። ሲደርሱ አርባ ብርጭቆ ተሞልቶ እንግዶቹ ፊት ቀርቧል። ወይዘሮ እቴነሽ ሰው ፊት መናገር የሚፈሩ፣ በዕድር ስብሰባ እንኳን ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው፣ ማንን እንደሚያዩ ሳያውቁ፣ እንዲህ አሉ፦

«ይህን ወይን የሠራሁት እኔ ነኝ። እባካችሁ እንዳትጠጡት።»

ባለቤቱ ተጠግተው እንዳያዋርዷቸው በሹክሹክታ ለመኗቸው፤ ዓይናቸውን የጋረደው ምናልባት የደም ግፊት ሊሆን ይችላል አሏቸው። ወይዘሮ እቴነሽ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ልጄ፣ ጣቶችህን አንሣ። ስንት እንደሆኑ ልነግርህ አልችልም።»

የሙሽራዋ አባት ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ መለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ወይን ነክተው የማያውቁት ወይዘሮ ፋጤ ብርጭቆዎቹን በገዛ እጃቸው በትሪ ሰብስበው ወይኑን ጓሮ ወስደው ደፉት። ከአርባው ሰው ከንፈሩን ያረጠበ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከእናታችን ጋር ሐኪም ቤት ሄዶ በሰላም ተመለሰ። የተረፈው አልኮል ሲመረመር ለፋብሪካ እንጂ ለመጠጥ እንደማይሆን ታወቀ። ባለቤቱ እናታችን ወደ ተኙበት ሆስፒታል ሐረር ድረስ ሄደው ከአልጋቸው አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ እናታችን የጠየቋቸው ነጋዴው ለሌላ ለማን እንደሸጠ ብቻ ነበር። ባለቤቱም ከፖሊስ ጋር እስከ ሂርናና ሚኤሶ ያሉትን መጠጥ ቤቶች ዞረው የተሸጠውን አስሰበሰቡ።

የእናታችን ቀኝ ዓይን ጠፋ፤ ግራው ቀለምና ጥላ ብቻ ቀረለት። ለሦስት ዓመት ያህል አንድ ጠብታ ወይን በአፋቸው አልዞረም። የልጅ ልጃቸው ኢያኤል የምግብ ዝግጅት ተምራ ስትመረቅ ግን ሙያውን አስተምሩኝ ብላ ለመነቻቸው። ሳይቀምሱ ማስተማር እንደማይቻል ያውቁ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የታሸገ ወይን ተከፍቶ፣ የወይዘሮ ፋጤ ተምርና ለውዝ ቀርቦ፣ እያለቀሱ ጠጡ። በማግስቱ ወይዘሮ ፋጤ ዓይናቸው ደህና መሆኑን ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሻሽሽ አረንጓዴ ነው» አሉ እናታችን።

ወይዘሮ ፋጤ ያን ቀን እንዳለቀሱት ሲያለቅሱ አይተናቸው አናውቅም። ኢያኤል ዛሬ የምትሠራበት ሙያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተጀመረ ነው።

ወይዘሮ እቴነሽ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጭሮና በአዳማ ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ፈርተው ነበር፤ አልደበቁንም። ካህኑ ጸሎት አድርሰውላቸው ቆረቡ። ወይዘሮ ፋጤም በየቀኑ እየመጡ እጃቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችን እንደሚፈሩ ሲነግሯቸው «እኔም ፈርቻለሁ» አሏቸው፤ «ግን የትም አልሄድም።» ወይዘሮ እቴነሽ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በዚያ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ አረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው አቶ ዳግማዊ ሞገስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያኤል ዳግማዊ እና ታላቅ እህታቸው ቀርተዋል። በሥጋ ዝምድና ስማቸው የማይቆጠረውን፣ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን መጥራት የነበረብንን ወይዘሮ ፋጤ ጂብሪልንም ትተው ሄደዋል። በዚያ ዓርብ ምሳ ላይ ከነበሩት እንግዶች ብዙዎቹ ዛሬ ከቀብሩ ላይ ተገኝተዋል፤ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

እየፈሩ ከእኛ በፊት ጽዋውን ያነሡትን እናታችንን፣ ቸሩ አምላክ ምንም የሚያስፈራ ነገር በማይገባበት ቤቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን። ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።