ከታች የሚቀረው ሁለት ሚሊሜትር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤ መጻፍ አልችልበትም። መናገርም እንደማልችልበት ታውቃለህ፤ «ጭምቷ» ያልከኝ አንተው ነህ። ግን ከሞትክ ጀምሮ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አላስተኛ አላስበላ ብሎኛል።

የእማዬን ሳህን ታስታውሳለህ? ውፍረቱ ሃያ ሚሊሜትር የሆነ ጣውላ ላይ፣ ወደ መሃል እየጠበቡ የሚወርዱ ስድስት ክቦች። በኮምፒውተር የምታዘው መቅረጫ ማሽንህ በአንድ ዙር ከሦስት ሚሊሜትር በላይ እንዳይበላ የጥልቀት ደረጃዎቹን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍካቸው፤ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ እያልክ እስከ አሥራ ስምንት። ከታች ሁለት ይቀራል። አባዬ ዕድሜውን በመላጊያ የጨረሰ አናጢ አይደል፣ ወረቀቱን አይቶ «ይሄማ ወንፊት እንጂ ሳህን አይደለም» አለህ። «ሁለት ይበቃል፣ እጄን እመነው» አልከው። ያኔ ሕመሙ በጣም አክስቶህ ነበር። ከመድኃኒቱ የተነሳ ጆሮህም ይጮኽብህ ነበር።

ጠዋት ጣውላውን አስረህ፣ መቁረጫውን ፊቱ ላይ አሳርፈህ፣ ማሽኑ ጥልቀቱን ከዚያ እንዲቆጥር ዜሮውን ያዝክ። ከዚያ መድኃኒትህን ልትውጥ ወደ ቤት ገባህ። ብቻዬን ስቀር ያስተማርከኝን ልሞክር አሰኘኝ፤ ከመቁረጫው ስር ወረቀት አስገብቶ እያወረዱ፣ ወረቀቱ ሲያዝ ማቆም። ያንተን እንዳልጭር ፈርቼ አጠገቡ በነበረው ቁራጭ ጣውላ ላይ ሞከርኩ። ወረቀቱ ተያዘ። ደስ ብሎኝ ዜሮ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩት። ቁራጩ ካንተ ጣውላ በሦስት ሚሊሜትር እንደሚቀጥን ልብ አላልኩም። ኮቴህን ስሰማ መቁረጫውን ወደ ላይ መልሼ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ማሽኑን ስታስነሳው አቃሰተ። በመጀመሪያው ዙር በሦስት ፋንታ ስድስት ነበር የበላው። አንገትህን ዘንበል አድርገህ፣

«ጭምቷ፣ ድምፁ አልከበደብሽም?» አልከኝ።

«እኔ እንጃ።»

«በቃ ይሄ የኔ ጆሮ ነው» ብለህ ሳቅክ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ማቃሰት የማልሰማበት ቦታ የለም። ቧንቧ ሲከፈት እሰማዋለሁ፣ ወንበር ሲጎተት እሰማዋለሁ። በስድስተኛው ዙር መሃሉ ተበሳ። አባዬ ሊለካው ሲል «ተወው» አልከው። እጅህን ገልበጥ አድርገህ አየኸውና «አንተም ከዳኸኝ?» አልከው፣ እጅህን። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አጠገብ አልደረስክም። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርንህ።

የተበሳውን ሳህን እማዬ የእንጨት ሥራ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ወለሉ ላይ ትንሽ ክብ ትሠራለች። ክቧ ሰጋቱራው ላይ ቀስ እያለች ትሄድና አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ስትደርስ የቆመች ይመስለኛል። እዚያ ጋ ረግጬ አላውቅም፤ ዞሬ ነው የማልፈው።

ትናንት አባዬ ለእማዬ ሌላ ሳህን እንድሠራ ጣውላ ሰጠኝ። ያንተን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌው ነበር። እርሳሱን አንስቶ አሥራ ስምንት የሚለውን ሊሰርዝ ተጠጋ።

«ወንድምሽ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ከታች አምስት ይቅር። ያን ጊዜ እጁ ደክሞ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«አልሳተም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሳተም፣ አባዬ። ዜሮውን የነካሁት እኔ ነኝ።»

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አባዬ ሰጋቱራ የሞላው ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አላወቀም።»

«እኔም ወንፊት ብዬዋለሁ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካው። «ሁለት ይቅር። እሱ እንዳለው።»

አሁን ማሽኑ ፊት ቆሜ ነው የምጽፍልህ፣ አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ። ጣውላው ታስሯል። ውፍረቱን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። እጅህ አልከዳህም፣ ወንድም ጋሼ። የከዳሁህ እኔ ነኝ።

ይህን ወረቀት ሳላጥፈው ከመቁረጫው ስር አስገባዋለሁ። በሁለት ጣቴ እየጎተትኩት መቁረጫውን በትንሽ በትንሹ አወርዳለሁ። ወረቀቱ ሲያዝ፣ ደርሶሃል እላለሁ።

ከዚያ ድምፁን አዳምጣለሁ። ከከበደ እናገራለሁ።

እህትህ ጭምቷ