በክብ ፊደል ስለወጣው የስም ዝርዝር

ወረታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤

ለጓድነትዎ ጤና፣ ለከብቶችዎ ውሃው የሸሸበትን ለምለም ሣር እየተመኘሁ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ የመሠረተ ትምህርት መምህሩ ኃይለ ሚካኤል ደህና ነኝ፤ እስከ ዛሬ ማለቴ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ሥዕልና ጽሕፈት ተምሬ እንደተመረቅሁ ወደ ፎገራ የመጣሁት፣ ሰው ፊደልን የሚፈራው እንደ ቢላ ስለት ስላለው ይመስለኝ ስለነበር ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ጫፉ ሁሉ እንደ ተፈተገ ሩዝ ድቡልቡል የሆነ፣ ቀንድም እግርም የሌለው ፊደል፣ በቀዳዳው ቀለም እንዲቀባበት ከካርቶን ቆርጬ አወጣሁ። መሪጌታ ገብረ ሐና አይተውት «ጠግቦ የተኛ ጥጃ ይመስላል» ብለው ሳቁብኝ። ቢሆንም የደከመ ዓይን ከሩቅ ያነበዋል፤ ማዕዘን ስለሌለውም ብሩሹ ሲመላለስበት ካርቶኑ አይቀደድም። በእርሱ የምጽፈው የክትባት ቀንና ፈተና ያለፉ ሰዎችን ስም ብቻ ነበር።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1. ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ስም በጽሕፈት መኪና አስጽፈው ሲለጥፉ፣ ሰው ሁሉ መንገድ እየቀየረ ያልፍ ነበር። እርስዎም ካርቶኖቼን ሳያስፈቅዱ አስወስደው ዝርዝሩን በክቡ ፊደል አስጻፉት። እንዲህ ያለ የሙያ አድናቆት ከመምህሮቼም አላገኘሁም።

2. «ለውትድርና የተመለመሉ» የሚለውን አርእስት ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል ማድረግዎ ደግሞ እኔ ያልደረስሁበት ጥበብ ነው። በገበያ ቀን ሰው ፈተና ያለፉት ስም መስሎት እየተጋፋ መጣ። በሃምሳ ዓመታቸው ማንበብ የቻሉት ወይዘሮ እናኑ፣ ጣታቸውን በሰሌዳው ላይ እየጎተቱ አራተኛው መስመር ሲደርሱ፣ አንድያ ልጃቸውን ያየህን «ያየህ፣ ና እንጂ፣ ስምህ ወጥቷል» ብለው ከሕዝቡ መሀል ጠሩት። እየሳቀ መጣ። ጠባቂዎችዎ መልኩን የማያውቁትን ልጅ እናቱ ለዩላቸው። እርስዎም ከበረንዳው ሆነው ለንባባቸው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ።

3. ከሃያ ስምንት ተማሪዎቼ አሁን የሚመጡት ሦስት ናቸው። ወይዘሮ እናኑም ትናንት መጥተው ነበር፤ ያወቁትን ፊደል እንዳስረሳቸው ሊለምኑኝ። እንዴት እንደሚደረግ የተማርሁት ነገር የለም።

ያየህ እስከ ቅዳሜ እህል መጋዘኑ ውስጥ ተዘግቶበት ነው፤ ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና የሚነሣው ቅዳሜ ነው። ለእናቱ ሌላ የላቸውምና ይልቀቁት። እኔ አሁንም ተስፋ አልቆረጥሁም፤ የመለቀቁን ማስታወቂያ ከሩቁ ቁሐር ሚካኤል ድረስ እንዲነበብ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ይህን ማመልከቻ በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ በራስዎ ሰሌዳ ላይ መለጠፍን የመረጥሁት፣ ለክብርዎ የሚሳሳው ታዛዥዎ፣

ኃይለ ሚካኤል አያልነህ

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ገበያ ለሚለጠፈው የምልምሎች ዝርዝር ተለቅ ያለ ፊደል እንድቆርጥ የላኩልኝ ወረቀት «አሥራ ሁለት ሰዎች» ይላል፤ ስሞቹን ብቆጥር አሥራ አንድ ሆኑብኝ። የቀረው መስመር ለማን እንደተተወ ገብቶኛል። ነገር ግን እናቴ ያሉት ራቅ ብለው አንበሳሜ ነው፤ ማንበብም አይችሉም። እኔን ለይቶ የሚጠራልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።