ባለቤቴ ተጠርታ ስላለመቅረቧ የቀረበ ይቅርታ

ለክቡር የሕክምና ጉዳት አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ጆሮዎ ደህና ነውን? እኛ በእስቴ ዝናቡ በጊዜው ስለገባልን፣ ገበሬውም ገብሱን ዘርቶ ስለጨረሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልን አለን።

ወንድማገኝ ጥጋቡ እባላለሁ። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ማንአለሽ ጓዴ በገበያው በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ትሰፋለች። ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቃት በመዝገብ ቁጥር ስለሆነ ስሟን ላስተዋውቅዎ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት በትንሣኤ ማግስት ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገባች፤ በቀዶ ሕክምናም ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ልጅቱን ትንሣኤ አልናት። በአራተኛው ቀን ቁስሉ አመረቀዘና ሐኪሙ ለሰባት ቀን የሚወጋ መርፌ አዘዘላት። በመካከሉ ካርዷ ስለሞላ ወደ አዲስ ካርድ ሲገለበጥ የመድኃኒቱ ስም ተላለፈ፤ «ሰባት ቀን» የሚለው ግን ቀረ። ስለዚህ መርፌው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተወጋ።

በአሥረኛው ቀን ግድም «ጆሮዬ ውስጥ ንብ የገባ ይመስለኛል» ብላ ለተረኛው ሐኪም ነገረችው። «የወሊድ ድካም ነው፤ እንቅልፍ ስትጠግቢ ይተውሻል» አላት። እኔም አምኜው «ተኚ» አልኋት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ እቅፏ ውስጥ ሆና ፊቷ እስኪቀላ ስታለቅስ፣ የአጎራባች አልጋ አስታማሚዎች ሁሉ ዘወር ብለው ሲያዩ፣ ማንአለሽ ቀና ብላ አየችኝና «ይህች ልጅ ምነው ዛሬ አፏን ብቻ ትከፍታለች? ድምፅዋ ተዘግቷልና ሐኪም ጥራልኝ» አለችኝ።

ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሙ ልጅቱን ትቶ እናቲቱን መረመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንአለሽ ምንም አትሰማም። ልጇን ከጀርባዋ አታወርዳትም፤ ልቅሶዋን የምታውቀው በጀርባዋ ሲርገበገብ ብቻ ነውና። የስፌት መኪናዋም ክር ሲጠላለፍበት የሚያሰማውን ድምፅ ስለማትሰማ መርፌው ተሰብሮ እስክታየው ድረስ ትረግጠዋለች።

እነሆ አቤት ካልን ዓመት ሊሞላን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ስላገኘነው መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ላቅርብ።

አንደኛ። ማመልከቻችንን በተቀበሉ በሁለተኛው ወር «አመልካቿ ከመርፌው በፊት ይሰሙ እንደነበር የሚያረጋግጥ የሕክምና ማስረጃ ይቅረብ» ብለው ስለጻፉልን ከልብ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው መስማቱን የሚያስመዘግብበት ቦታ መኖሩን ባለማወቄ ይቅር ይበሉኝ። የእስቴ ሰው ቸልተኛ ስለሆነ ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ ማኅተም አያስመታበትም። ወረቀቱን ባጣ፣ ሰው ይዤ ቀረብሁ። የንስሐ አባቷ ቄስ ቀለመ ወርቅ በዚያ እርጅናቸው አውቶብስ ተሳፍረው መጡና «አሥራ አንድ ዓመት ኃጢአቷን ነግራኛለች፤ የሰጠኋትንም ቀኖና አንድ ሳታጓድል ፈጽማለች፤ ሳትሰማኝ እንዴት ትፈጽማለች?» ብለው መሰከሩ። ጸሐፊዎ «የቄስ ቃል የሕክምና ማስረጃ አይደለም» ብሎ መለሳቸው። ስለ ትሕትናው ግን አመሰግነዋለሁ፤ ሲወጡ በሩን ከፍቶላቸዋል።

ሁለተኛ። ካርዱን ከሆስፒታሉ እንድናመጣ አዘዙን። ሆስፒታሉ ካርዱን የምሰጠው ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቀኝ ነው አለ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ደብዳቤውን የምጽፈው ካርዱን ሳይ ነው አለ። ሁለታችሁ እንዲህ ስትከባበሩ በማየቴ ደስ ብሎኛል። በዚህ መካከል ሲስተር መቅደስ የምትባል ነርስ ሳንጠራት ቤታችን ድረስ መጣች። ቁጭም ሳትል «ካርዱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ቀን የሚለውን የዘለልኩት እኔ ነኝ» አለች። የተናገረችውን በደብተር ላይ ጻፍሁና ለማንአለሽ አሳየኋት። ማንአለሽ አነበበችው፤ ነርሷ ስታለቅስ አየችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «እኔም ስቆርጥ ልኬት ረስቼ የሰው ልብስ አበላሽቼ አውቃለሁ» አለቻት። ሲስተር መቅደስ ያንኑ ቃሏን በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ላከች። በሁለት ሳምንቷ ከወገዳ ከተማ ማዶ መኪና ወደማይደርስበት ጤና ኬላ ተዛወረች። ይህ ቅጣት ሳይሆን የሥራ ምደባ መሆኑን በደብዳቤ ስላረጋገጡልን አመሰግናለሁ። አጥፍቻለሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ እሷ ብቻ ስለሆነች ሌላ የሚመደብ አለመኖሩ ይገባኛል።

ሦስተኛ። የባለሙያዎች ኮሚቴዎ ጉዳዩን አይቶ «የመስማት ችግር የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ስለዚህ እንደ ጥፋት አይቆጠርም» ብሎ ወሰነ። እኔ ሰባት ቀን የታዘዘው ለምን አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ ነበር የጠየቅሁት፤ እሱን ኮሚቴው አልነካውም። የታወቀ ነው በመባሉ ግን ብዙ ተምሬአለሁ። ሐኪሙ ያውቀው ነበር፤ መድኃኒቱን የሠራውም ያውቀው ነበር፤ ኮሚቴውም ያውቀው ነበር። ንብ ገባብኝ ስትል የሰነበተችው ባለቤቴ ብቻ አታውቀውም ነበር።

አራተኛ። ኮሚቴው እንዲህ ቢልም እርስዎ ቸርነት አድርገው የራሷን ቃል እንድትሰጥ ለግንቦት አሥራ ሁለት ቀጠሩን። ማንአለሽ ለዚያ ቀን አዲስ ቀሚስ ሰፋች። ማለዳ ደረስን። የመታወቂያዋ ቅጂ ያስፈልጋል ስለተባልሁ እሷን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ወጣሁ፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዘገየሁ። ስመለስ ልጅቱን እንዳዘለች፣ ቀጥ ብላ፣ ባስቀመጥኋት ቦታ ተቀምጣለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ መመጠን አትችልም፤ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ ፈገግ ብላ «ገና አልጠሩንም» አለችኝ። ባለጉዳዮቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ከውስጥ ሆነው ሦስት ጊዜ ማንአለሽ ጓዴ ብለው ተጣርተዋል፤ እኛ እሷ መሆኗን በምን እንወቅ?» አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ። ጸሐፊውን «አትሰማም እኮ፤ የመጣንበት ጉዳይ ራሱ እሱ ነው» አልሁት። መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ። «ባለጉዳይዋ በስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ስላልቀረበች አቤቱታው ተዘግቷል» ይላል። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንሁ ደጋግሜ አየሁት፤ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። ይግባኝ ብል እርስዎ ራስዎ «ጥሪው ሥርዓቱን ተከትሎ በግልጽ ድምፅ የተደረገ ነው» ብለው በሰኔ መግቢያ አጸኑት። ድምፁ ግልጽ ስለመሆኑ እኔም አልከራከርም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ያን ቀን ከኮሪደሩ ስንወጣ «ምን አሉ?» ብላ ደብተሩን ዘረጋችልኝ። እውነቱን መጻፍ አቃተኝ። «ለሌላ ቀን ተቀጥረናል» ብዬ ጻፍሁላት። እሷም አምናኝ ቀሚሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለቀጠሮው ብላ ሰቀለችው። «አልደረሰም?» ባለችኝ ቁጥር «አልደረሰም» እላታለሁ። አንድ ወር ተኩል እንዲህ ዋሸኋት። ተማሪዎቼ ቢዋሹኝ እቀጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አልቻልሁም፤ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁላት። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማረች ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ነው የምታነበው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስንት ጊዜ ጠሩኝ?» አለች። ሦስት ጣት አሳየኋት። በእኔ ትቆጣለች፣ በእናንተም ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ሰው ሦስት ጊዜ እየጠራ ዝም ማለት ነውር ነው። ንቃን ነው ብለው ይሆናል። ይቅርታ በልልኝ፤ አልሰማኋቸውም» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወረቀት ያስፈጀኝ ጉዳይ እሱ ነው። ባለቤቴ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። ሲጠሯት አልሰማችዎትም። በአደራ የተቀበልሁትን ቃል አድርሻለሁና፣ ከተዘጋው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ስለ ካሳው ሕጉ የሚለውን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚያች ከተዛወረችው ነርስ በቀር «ጎድተንሻል» ያላት ሰው አለመኖሩን ነው። ቃሉ በድምፅ መሆን አያስፈልገውም፤ በወረቀት ቢጽፉላት ጣቷን እያስኬደች ታነበዋለች።

የሚጠራዎትን ሁሉ በአንድ ጥሪ እንዲሰሙ፣ የሚጠሩትም ሁሉ እንዲሰማዎት እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ወንድማገኝ ጥጋቡ
የማንአለሽ ጓዴ ባል፣ የትንሣኤ አባት
እስቴ፣ ሰኔ ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ልጃችን አሥራ አራት ወር ሆኗት ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። እኔን ስትፈልግ «አባ» ብላ ትጣራለች። እናቷን ስትፈልግ ግን አትጣራም፤ ሄዳ ቀሚሷን ትጎትታለች። ማንም አላስተማራትም። የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ባለጉዳይ አጠራር ላይ አጭር ሥልጠና የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ይዣት ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ፤ አበል አትጠይቅም።