የማስቲሹ ቆርቆሮ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ደረጃ ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ቆመህ ትሳደባለህ ወይስ ጨዋ ሆነሃል? እኔ ደህና ነኝ። የማስታወቂያ ሱቄን ዘጋሁት እንጂ ደህና ነኝ። ሰሌዳ ስጽፍ ፊደል መዝለል ጀመርኩና ደንበኞቼ ተቆጡ። ይቆጡ!

ዛሬ ግን ለቀልድ አልተቀመጥኩም። አሥራ አንድ ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር አለ፤ ሳልነግርህ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።

ያ የባቡር ሞዴልህ ትዝ ይልሃል? አባታችን ሲነዳበት የኖረውን መስመር አሳንሰህ የሠራኸው። ሥራ ቦታህ የማቀዝቀዣ ክፍል ስትገጥሙ የሚተርፈውን ጠንካራ ፎም በብብትህ ይዘህ ትመጣለህ፤ ደራርበህ በኮላ ታጣብቅና በዳቦ ቢላዋ መቅረጽ ነው። ቤቱ በነጭ ፍርፋሪ ይሞላል፣ ፀጉሬ ሳይቀር። ለምን በጣውላ አትሠራውም ስልህ፣ ጣውላ ላይ ተራራ ይቆማል እንጂ ወንዝ ወደ ታች አይቆፈርም ትለኝ ነበር። ደግሞ ቀላልነቱን ልታሳየኝ በአንድ እጅህ ከፍ ታደርገዋለህ። አንድ ነገር ግን ደጋግመህ አስጠንቅቀኸኝ ነበር፤ ማስቲሽም እስፕሬይም እንዳይነካው፣ ፎሙን ይበላዋል ብለህ።

የት ሰምቼ! ለሥራ ራቅ ብለህ በሄድክበት ሳምንት፣ እጮኛህ መጥታ ልታየው ነው ብዬ ላስደስትህ ተነሳሁ። ወንዙ እንደ ውሃ እንዲያብረቀርቅ፣ ከሰሌዳ ሥራ የተረፈኝን ቀለም የሌለው የእስፕሬይ ቫርኒሽ ነፋሁበት። ወንድም ጋሼ፣ ዓይኔ እያየ ሟሟ። ዳርና ዳሩ ተበልቶ ድልድዩ ወደቀ፣ ጣቢያው ተዘነበለ። የሁለት ዓመት ልፋትህ ነበር።

ደነገጥኩ። ከዚያ የሠራሁትን ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል። ለጫማ የምንጠቀምበትን የማስቲሽ ቆርቆሮ አምጥቼ ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጥኩት። ስትመለስም፣ በኮላ ፋንታ እሱን ቀብተህ ሄደህ ይሆናል አልኩህ።

ትጮህብኛለህ ብዬ ነበር። አልጮህክም። ወንበር ስበህ ተቀመጥክና፣ አባታችንንም የጀመረው እንዲህ ነው አልክ። መጨረሻ ላይ እኛን ልጆቹን ማን ናችሁ እስኪል ድረስ የረሳውን አባታችንን።

ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ነገ ነገ ስል በወሩ እጮኛህን፣ ሸክም አልሆንብሽም ብለህ ሸኘሃት። እያለቀሰች በሱቄ በር ስታልፍ እኔ ሰሌዳ እየጻፍኩ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየኋትም። አንተም ራስህን አላምን ብለህ ሥራህን ተውክ፣ ከእኛም ራቅክ። ምን ዓይነት እህት ናት እንዲህ የምታደርግ? በገዛ እጄ ዕድሜህን በላሁብህ።

አንተ ምንም አልረሳህም፣ ወንድም ጋሼ። የቀባኸው ኮላ ነው። የአባታችን ነገር ወደ አንተ አልመጣም።

አሁን ወንዙን እንደ አዲስ ጀምሬልሃለሁ። ፎም ገዝቻለሁ። ግድግዳው ላይ «ኮላ ብቻ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ቢላዋው የት እንደሚቀመጥም ከሥሩ ጽፌያለሁ። ድልድዩ የቱ ጋ እንደነበር ግን ጠፋብኝ፤ እሱን አንተው ታሳየኛለህ። ስለዚህ ና። ይቅር ባትለኝም ና። ለምን እንደምትቆጣኝ እያወቅኩ ብትቆጣኝ ይሻለኛል።

ዕድሜ ይስጥህ፣ ደረጃውንም ያሳጥርልህ። ያቺም ሴት ባለችበት ደህና ትሁን።

ታናሽ እህትህ

ይህን ከፈረምኩ በኋላ ፖስታ ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት ሁለት ደብዳቤ አገኘሁ። ሁለቱም የእኔ ጽሕፈት ናቸው፣ ሁለቱም ጉልበትህን ጠይቀው ይጀምራሉ፤ መቼ እንደጻፍኳቸው ግን ትዝ አይለኝም። ሦስቱንም ልኬልሃለሁ።