ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ

ውድ ቤሪል፣

የኖርዌይን ተራሮች በፖስት ካርዱ ፊት ላይ እዪያቸው፤ እኔ የምጽፍልሽ ስለ እህቴ ስለ ኢኒድ ነው። ባሏ ሲሪል ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር ማዕድ ቀርባ አታውቅም፤ አንቺም ስንቴ ጠርተሻት ቀርታለች። በዚህ የሽርሽር መርከብ ላይ ሰዓቱ የተወሰነው እራት ከማያውቁት ሰው ጋር ስለሚያስቀምጥ፣ እኛ በፈለግነው ሰዓት እንብላ ያልነው ለዚያ ነበር።

ማክሰኞ ምሽት ግን ምግብ ቤቱ በር ላይ የነበረው ሰልፍ፣ ዊትቢ ከተማ ዝናብ እየመታን ለዓሣ ጥብስ ከምንሰለፈውም ይብሳል። አስተናጋጁ "ለሁለት ሰው የሚሆነው ጠረጴዛ አርባ ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ከሌሎች ጋር ከተቀመጣችሁ ግን አሁኑኑ ግቡ" አለን። እኔ "እንጠብቃለን" ልል ስል ኢኒድ ቀደመችኝ፤ "ርቦኛል፣ የትም አስቀምጠን" አለችው።

ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ከስድስት ሰዎች ጋር ተቀመጥን። አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ኢኒድን ባሏ ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠይቃት ክው አልኩ። እሷ ግን "ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ የቤታችን ቧንቧ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያንጠባጥብ ኖረ" አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

ፊደሌን ያሳነስኩት ለባልሽ ለሬጅ ሰላምታ ቦታ እንዲተርፈኝ ነው፤ የሚያመውን ጉልበቱን አደራ። ትናንት ማታ አስተናጋጁ "ዛሬስ ለሁለት የሚሆን አለ፣ ግቡ" ሲለን ኢኒድ ምን አለችው መሰለሽ? "ግድ የለም ልጄ፣ ትልቁ እስኪለቀቅ እንጠብቃለን።"

ወዳጅሽ ሞይራ