የእህቴ አሥራ አንድ ዶቃ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ በቁይ ላሉት ለውድ እናቴ፤

ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ብርዱ አልጠናበትም ወይ? ቀይዋ ላም ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችዎ ነው? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከዓይኔ ድካም በቀር ደህና ነኝ።

አባ ሙላት፣ ይህን ለእናቴ የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ጎረቤት ካለ እዚህ ላይ ያቁሙና ልጅዎ ደህና ናት ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ያኑሩት። ሰው ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርገው የቀረውን ያንብቡላቸው። ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ጎረቤቴ ፈንታዬ ግን ትቀመጥ፤ የታመነች ናት፣ ነገሩንም ታውቃለች።

እናቴ፣ ፈንታዬ አዝላ ያመጣቻት ሕፃን ማን ናት ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። እሷን ለመናገር ከዶቃው መጀመር አለብኝና ይታገሡኝ።

ለእህቴ ለየብርጓል ሰርግ ከአንገትዎ ፈትተው የሰጧትን ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃዎች ያውቋቸዋል፤ አያታችን ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ያመጧቸውን አሥራ አንዱን። በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ ነው፤ ቀዳዳቸውም ለክር የተበጀ አይመስልም፣ ሰፊ ነው። እርስዎ ሲያስሩት አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ እየዞረ ያስቸግርዎ ነበር። አባቴ ቀዳዳውን ሰም በነካው ጥጥ ይደፍኑልዎ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው ሰሙ እየቀለጠ ነጠላዎን ያበላሸው ነበር። እኔ ለየብርጓል ስሰካላት ሌላ መላ አገኘሁ። በእያንዳንዱ ትልቅ ዶቃ ሆድ ውስጥ ሦስት ጥቃቅን ጥቁር ጨሌ ክሩ ላይ አስገባሁ። ጨሌው ቀዳዳውን ስለሚሞላው ክሩ መካከል ላይ ይውላል፤ ትልቁ ዶቃም አይወዛወዝም፣ የቀዳዳው ጠርዝም ክሩን አይበላውም። ግራና ቀኙን ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ጨሌ እንደ መዝጊያ አቆምሁለት። ከውጭ ለሚያየው ምንም አይታወቅም። በዚህ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚሰካ ከእኔ በቀር የለም።

ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ባለው ሐሙስ አንድ ባንዳ በሬ ላይ ቆመ። አስማማው ይባላል፤ ጠመንጃ አንግቶ፣ የጣሊያን ልብስ ለብሶ። እኔ ለመጣው ሁሉ እሰካለሁ፤ አልመርጥም፣ ብመርጥም ጦሜን አድር ነበር። መሐረብ ፈታና ጉልበቴ ላይ አኖረው። የሚስቴ የአንገት ዶቃ ተበጥሶ እህል አልበላ ብላለች፤ አንቺ ጋ ካልሆነ ሌላ አይችለውም ትለኛለች አለኝ። አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ቆጠርሁት፤ አሥራ አንድ ነው። አንዱን ባነሣው ከሆዱ ሦስት ጥቁር ጨሌ ጭኔ ላይ ወደቀ።

በዚያች ሰዓት ያሰብሁትን አልደብቅዎትም። የየብርጓልን ሬሳ ነው ያሰብሁት። ባሏ ደምለው በግንቦት በጦርነት ወደቀ፤ በሰኔ ደግሞ ሮብ ገበያ አጠገብ ያለው ቀዬአቸው ሲነድ ከነጨቅላ ልጇ ተቃጠለች ተብሎ ተነገረን። ሬሳ ሳናይ ተስካሯን አወጣን፤ እርስዎም ከል ከለበሱ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላዎ ነው። ይህ ሰው ዶቃውን ከሬሳዋ አንገት የፈታው መሰለኝ። ወስፌውን ጨበጥሁት። ምን ላደርግበት እንደነበር ዛሬም አላውቀውም።

ከዚያ መሐረቡ ውስጥ የቀረውን ክር አየሁ። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይፍታታል፣ ፀጉር ያወጣል። ይህ ግን በምላጭ የተቆረጠ ነው፤ ጫፉ እኩል ነው። ከሬሳ አንገት የተጎተተ አይደለም፤ ባለቤቲቱ ራሷ ቆርጣው ቢሆንስ አልሁ። ወስፌውን አስቀመጥሁ። ከዚያም፣ ዶቃው ከባድ ነው፣ ባለቤቲቱ ራሷ ካልመጣች አይሆንም፣ በአንገቷ ልክ ካልተሰካ አያርፍም አልሁት። ውሸቴን ነው፤ በፈትል ለክቶ ቢያመጣልኝ ይበቃኝ ነበር። ቅዳሜ አመጣታለሁ ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ መጡ። እሱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባችና ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ የብርጓል ናት። ከስታለች፣ ጥርሷ አንዱ ጎድሏል፤ የብርጓል ግን ናት። እሪ ልል አፌን ከፈትሁ። እጄን ይዛ፣ ስኪ፣ ሥራሽን አታቁሚ አለችኝ። እኔም መርፌውን አነሣሁ። እሷም ጨሌውን ከመሐረቡ እየለቀመች ሦስት ሦስቱን ታቀብለኝ ጀመር። እንዲህ ሆነን ነው የተነጋገርነው።

ቀዬአቸው የነደደ ዕለት ሕፃኗን ታቅፋ ከገብሱ ማሳ ሥር ቦይ ውስጥ ተኝታ ባንዶቹ አገኟት። ከቤት አቃጣዮቹ አንዱ አስማማው ነው። ጓደኞቹ ሊጎትቷት ሲሉ፣ ይቺ የእኔ ናት ብሎ ጠመንጃውን ወደ እነሱ አዞረና በቅሎ ላይ አወጣት። ከዚያ ወዲያ የእሱ ሆነች። ቤቴን ያቃጠለውም እሱ ነው፣ ልጄን ያተረፈውም እሱ ነው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መርሳት አቃተኝ አለችኝ። እስከ ኅዳር ደጀን ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ እዚሁ፣ ከእኔ ቤት ቢጣሩ በሚሰማ ቦታ።

እኔም ተቆጣኋት፤ ይቅር ይበለኝ። እናታችን ከል ለብሰው ሲያለቅሱ አንቺ በሕይወት ተቀምጠሽ አንድ ቃል እንኳ አትልኪም? አልኋት። ጨሌውን ማቀበል ሳታቆም፣ ባንዳ ቤት የምትኖር ልጅ አለችዎ ከሚባሉ ሞታብዎታለች ቢባሉ ይቀላቸዋል ብዬ ነው አለችኝ። እውነት ይቀልዎ ነበር ወይ? እኔ እርስዎን ሆኜ መመለስ አልቻልሁም።

ታዲያ አሁን ምን አመጣሽ? ብላት፣ ክሩን የቆረጠችው ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። አስማማው ከጾም በፊት ወደ አሥመራ እንዲሄድ ታዟል፤ እሷም አብራ ልትሄድ ነው። ልጅቷን ግን የአባቷን ቤት ካቃጠሉ ሰዎች ጋር በሰው አገር አላሳድጋትም፤ ለእማዬ አድርሺልኝ አለችኝ። እኔም፣ አንቺም ቅሪ፣ ፈንታዬ ሁለታችሁንም በሁለት ቀን ቁይ ታደርሳችኋለች ብዬ ለመንኋት። እጇን ሆዷ ላይ አኖረች። መቀነቷን ከጡቷ ሥር፣ ላላ አድርጋ ነበር የታጠቀችው። ደግሜ አልለመንኋትም። እርስዎ ሴት ነዎት፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰክቼ ስጨርስ አንገቷ ላይ ለካሁላት። ልክ ነበር፤ አንዱም አልዞረ። ያን ጊዜ፣ ፍቺው አለችኝ። ስድስቱን ለልጄ፣ አምስቱን ለእኔ አድርጊው አለችኝ። እንደገና ቆረጥሁት። አምስቱ አንገቷን ስላልሞላ ከማጅራቷ በኩል ጥቁር ማተብ ቀጠልሁበት።

የልጅቷን መቅረት የብርጓል ለአስማማው ነገረችው። ማክሰኞ በትከሻው አድርጎ ራሱ አመጣት። የደምለው ልጅ ናት፣ አገሯ ትቅር አለኝ። ሊያወርዳት ሲል ኮሌታውን ይዛ አልለቅ አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ፣ ልረግመው ቃሉን ሳዘጋጅ የሰነበትሁ ሰው ነበርሁ፤ አልወጣልኝም። ደግ ቃልም አልሰጠሁትም። ውኃ ለመነኝ፤ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ሄደ።

ትናንት በካሚዮን ተጭነው ሄዱ። መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የብርጓል አየችኝ፤ እጇን ግን አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም።

ልጅቷ ሥራነሽ ትባላለች። ደምለው ሳይሞት ክርስትና ተነሥታለች። ስትተኛ የሰው ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ይስጧት። ወፍራም እንጀራ አትወድም፣ በወተት ሲርስላት ትበላለች። አባ እያለች ብትጣራ አይቆጧት፤ ትረሳዋለች። በአንገቷ ያሉትን ስድስት ዶቃዎች በየመካከላቸው ቋጥሬያቸዋለሁ፤ ክሩ ቢበጠስ እንኳ አንዱ ይወድቃል እንጂ ሁሉም አይፈስም። ወደ አፏ ስለምትወስደው ስትተኛ ያውልቁላት። ለጠየቀ ሰው ከማርቆስ የመጣች የሙት ልጅ ናት ይበሉ፤ በአባቷ በኩል ውሸት አይሆንብዎትም።

ከልዎንም ነገ አያውልቁት፤ ሰው ምን ሰሙ ይላል። ሕፃን አሳዳጊ ሆኛለሁ ብለው ለፋሲካ ነጭ ይልበሱ። በየብርጓል ስም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን ጧፍ ግን አያቋርጡ። አባ ሙላት፣ እርስዎን የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ ስሟን ለሙታን ከሚጸለየው አውጥተው ለመንገደኞች በሚጸለየው ያስገቡልን።

እናቴ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ይቺን ልጅ ለወግ ለማዕረግ አድርሰው ለማየት ያብቃዎ። ምርቃትዎ አይለየን፤ ሲመርቁ እንደ ድሮው የሁለታችንንም ስም ይጥሩ፣ ድምፅዎን ግን ዝቅ ያድርጉ።

በሕይወት ካሉት ሁለት ሴት ልጆችዎ ታላቂቱ