ከእኔ የደበቅሽው የይርጋ ኪኒን

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላሽ ነው። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተቆጥቻለሁ፣ ቁጣዬን ደብቄ ብጽፍልሽ ደግሞ እኔም እንዳንቺ መሆኔ ነው።

ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። የተለወጠው ወንድሜ ይርጋ ነው። ዳውን ሲንድረም ቢኖርበትም የሰንበት መዝሙር ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው ልጅሽ፣ አንቺ ካለፍሽ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። ፊቱ አበጠ፣ ድምፁ ሻከረ፣ በበጋ ብርድ ልብስ ጠየቀ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሐዘን ነው አለ፤ እኔም አመንኩ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ፊቴ ቆሞ መዳፉን ይዘረጋልኛል። እጅሽን የናፈቀ መስሎኝ መዳፉን ስሜ እሸኘው ነበር።

አንድ ቀን ልቡን ላፍታታው ብዬ፣ አንቺ ትወስጂው ወደነበረው ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ይዤው ሄድኩ። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀረጹትን አንበሶች ሊያይ ነው ትይኝ አልነበር? ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። እጄን እየጎተተ ከጎዳናው ጫፍ ታጠፈና የአንዲት ሐኪም ቤት ደወል ተጫነ።

ሐኪሟ በስሙ ጠራችው። አንገቱ ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ከደከመች ዓመታት አልፈዋል፤ በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ኪኒን ይውጥ ነበር ለካ! ይርጋ ሃያ አንደኛው ክሮሞዞሙ በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ ነው የተፈጠረው። እዚያ ላይ ካሉት ዘረመሎች አንዳንዶቹ የሰውነትን ጠባቂ የሚያሠለጥኑ ናቸው፤ ልኩ ሲዛባ ጠባቂው የገዛ እጢውን ጠላት ብሎ ይወጋል። ስለዚህ እንደሱ ላለ ሰው በየጊዜው ደሙን ማስመርመር ግድ ነው አለችኝ።

ለምን እንዳልነገርሽኝም ከእሷ ሰማሁ። ሽማግሌ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጥር፣ እነሱ ቤት በሽታ አለ ተብሎ የእኔ ትዳር እንዳይሰናከል! እንዲህ ያለው ትርፍ ክሮሞዞም አብዛኛውን ጊዜ ፅንስ ሲጀመር የሚመጣ እንጂ ከዘር የሚወረስ እንዳልሆነ ሐኪሟ ደጋግማ ነግራሽ ነበር። አላመንሻትም። ሽማግሌ የሚልከው እንደሆነ እስካሁን ብቅ አላለም፣ እማዬ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ስትታመሚ ያጠብኩሽ፣ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። ቀለበትሽን ሰጠሽኝ፣ ይርጋን አደራ አልሽኝ፤ እሱን በሕይወት የሚያቆየውን አንድ ነገር ግን ነፈግሽኝ። ከድተሽኛል። ትንሽ ብዘገይ ልጅሽን በሐዘን ሞተ ብዬ እቀብረው ነበር።

አሁን ኪኒኑን ጀምሯል፤ የፊቱ እብጠት ጎድሏል፣ ባለፈው ሰንበትም ድምፁን ሰማን። ለሙት ዓመትሽ ዘመድ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። ዘር የሚቆጥር ይቁጠር።

እንዳልረሳሽ አትስጊ። እየተናደድኩም ቢሆን በየጠዋቱ አስብሻለሁ። ይርጋ መዳፉን ይዘረጋል፣ ኪኒኑን አስቀምጥለታለሁ። ከዋጠ በኋላ ግን አይሄድም፤ ለምዶብኛልና መዳፉን እንደገና ይዘረጋል፣ እስመዋለሁ።

ልጅሽ ዝናሽ